ወደ ምዕራብ የዞረ መስኮት

የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች የሚሠሩበትን አዳራሽ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የጎበኘ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። መስኮቱ በሙሉ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ጌጥ አይደለም፤ ባለፈው ወሰነ ትምህርት ነጥብ ያጣንበት፣ የተጣለ ንድፋችን ነው። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል ከወለል እስከ ጣሪያ በተዘረጋው መስተዋት ዘልቃ እየገባች ዐይናችንን ስለምታጭበረብረው፣ ላባችንም በሥዕሉ ላይ ስለሚንጠባጠብ፣ በማጣበቂያ ለጥፈን ጥላ አበጀን። ጥላው ሲያጨልምብን ደግሞ መብራት አበራን። ፀሐይ በሞላበት አገር፣ በጠራራ ቀን፣ በአምፖል እንማራለን። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰዓት የሚሰጠን ትምህርት ስሙ ምን እንደ ሆነ አንባቢ ቢጠይቀን፣ «ከአካባቢ ጋር የተስማማ ዘላቂ የሕንፃ ንድፍ» ይባላል።

ይህን የምንጽፈው በመምህራኖቻችን ላይ ለማላገጥ አይደለም። ከእነርሱ መካከል በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ የሚቆጩ እንዳሉ እናውቃለን። የምንጽፈው፣ ነገ በእኛ እርሳስ በሚሠራው ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ዛሬ በክፍላችን ውስጥ ጠበቃ ስለ ሌለው ነው። መጥፎ ድርሰት የጻፈን ሰው አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ይገላገለዋል። መጥፎ ቤት የነደፈ ሰው ግን ተከራዩን ሃምሳ ዓመት ያስቀጣዋል።

ክሳችን ሁለት ነው። አንደኛው ትምህርቱ ስለሚሰጥበት ቦታ ነው። ተማሪው ሦስት ዓመት ሙሉ ንድፍ ሲሠራ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ነፋስና ስለ ዝናብ የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው «ሐሳብህ ምንድን ነው? የፊቱ መልክ ለምን እንዲህ ሆነ?» እየተባለ ነው። በአራተኛው ዓመት በሳምንት ሁለት ሰዓት የሚሰጥ አንድ ትምህርት ይመጣና ስለ አካባቢ ይነገረዋል። ለፈተና ያጠናል፤ ይጽፋል፤ ያልፋል። ማታ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ ያንኑ የመስተዋት ሣጥን ይስላል። ይህ ወጡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጨውን በትሪው ጠርዝ ላይ እንደ ማኖር ነው።

ሁለተኛው ክሳችን ስለ ይዘቱ ነው። የምናነባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ነው። ዋናውን መስኮት ወደ ደቡብ አዙሩ፣ ግድግዳውን በሙቀት መከላከያ ጠቅልሉ፣ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑ ይሉናል። ይህ ለስቶክሆልምና ለበርሊን እውነት ነው። የእኛ አገር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ባለው መካከል ትገኛለች። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ የቀትር ፀሐይ የምትመጣው ከሰሜን ነው፤ በቀሩት ወራት ከደቡብ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር ከአድማስ 57 ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነውን የደቡብ መስኮት ከዚያች ፀሐይ ለመጋረድ 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ክፈፍ ይበቃል። ለሰሜኑ መስኮት በሰኔ አጋማሽ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። በምዕራብ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ሆና ወደ 30 ዲግሪ ስትወርድ ያው መስኮት ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ክፈፍ ይፈልጋል፤ ከዚያም ዝቅ ስትል የሚያቆማት ክፈፍ የለም።

ይህ የተሰወረ ጥበብ አይደለም። ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው። የእኛን አዳራሽ የነደፈው ሰው ይህችን አንዲት ገጽ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ወረቀታችን በመስኮቱ ላይ ባልተለጠፈ ነበር።

ከዚህም የከበደ ሌላ ነገር አለ። ሕንፃ ሁለት ጊዜ ይበላል፤ አንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሰው ሲኖርበት። በብርድ አገር ቤቱን ለማሞቅ በየዓመቱ የሚነደው ነዳጅ ብዙ ስለ ሆነ መጻሕፍቱ ሁለተኛውን መብል ለመቀነስ ይደክማሉ። በእኛ ደጋ ግን ቤቱን የሚያሞቅ ምድጃ በየክፍሉ የለም፤ ኤሌክትሪካችንም አብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚገኝ ነው። ስለዚህ የእኛ ሕንፃ ትልቁን ጉርሻ የሚጎርሰው ገና ሳይመረቅ፣ በሲሚንቶው፣ በብረቱ፣ በአሉሚኒየሙና በመስተዋቱ ነው። ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ሲቃጠል ነው። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 ከመቶ ያህሉ ከዚህ ሥራ ይወጣል። ከዚያም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚወጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ነው፤ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ብናነደው እንኳ አይቀርም። ታዲያ በእኛ አገር ዘላቂ ንድፍ የሚያስተምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄው ስለ ሙቀት መከላከያ ሊሆን ይገባዋልን? አይገባውም። «ይህ ግድግዳ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ በላ? ያለዚያስ መቆም አይችልም ነበርን?» ነው መሆን ያለበት።

የሚያስቆጨው፣ ለዚህ ትምህርት መነሻ የሚሆነው ዕውቀት በቋንቋችን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መናቁ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ የሚለውን ክፍፍል ማንም ገበሬ ያውቀዋል፤ ዘሩንም፣ ከብቱንም፣ ቤቱንም በዚያው ይመራል። በክፍላችን ውስጥ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከደብረ ብርሃን የመጣ ልጅና ከ500 ሜትር በታች ካለችው ከሰመራ የመጣች ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሠራሉ። አንዱ በኅዳር ሌሊት ውርጭ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሁለተኛዋ በሰኔ ቀትር ቆርቆሮ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። የሚስሉት ሕንፃ ግን አንድ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኛ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ዓመት በተደረገው ግምገማ ላይ ያየነውን እንንገር። አንድ ጓደኛችን ለአንድ የቆላ ከተማ ክሊኒክ ነደፈ፤ ፊቱ በሙሉ መስተዋት ነው፤ መስተዋቱም ወደ ምዕራብ ይመለከታል። ሕሙማኑ የሚተኙት ከመስተዋቱ ኋላ ነው። ገምጋሚዎቹ ስለ ፊቱ መልክ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ፤ ስለ ሕሙማኑ አንድ ደቂቃ አልተናገሩም። አንዲት እኅታችን ደግሞ ለዚያው ከተማ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጥልቅ በረንዳ፣ በመካከሉ ነፋስ የሚያልፍበት ድርብ ጣሪያ ያለው ክሊኒክ አቀረበች። የተጠየቀችው «ይህ ከዘመናዊነት ጋር እንዴት ይታረቃል?» ተብላ ነው። ያነሰ ነጥብ ያገኘችው እርሷ ነች። ከዚያች ቀን በኋላ በክፍላችን ድርብ ጣሪያ የሳለ ሰው አላየንም። ትምህርት ማለት በመጽሐፍ የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ነጥብም ያስተምራል።

«ታዲያ ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ ትላላችሁን?» የሚሉን አሉ። አላልንም። የጭቃ ቤት እግሩን ዝናብ ይበላዋል፣ ቋሚውንና ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ በየዓመቱ ምርግ ይፈልጋል። ይህን በዚያ ቤት ያደግን እኛ ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። ነገር ግን ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለምን ቀናት እንደሚቆይ፣ ከድንጋይ መሠረት በላይ ሲቆምና ክፈፉ ሲረዝም ዕድሜው ምን ያህል እንደሚጨምር ያጠና ተማሪ ከመካከላችን ስንት ነው? ዶርዜ የቀርከሃ ቤቱን ረጅም አድርጎ ይሸምነዋል፤ እግሩን ምስጥ ሲበላው የበሰበሰውን ቆርጦ ቤቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ሲያስፈልገውም ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ይህ የሕንፃን ሙሉ ዕድሜ አስቀድሞ ማሰብ ማለት ነው። እኛ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ ሲመጣልን ለፈተና የምንሸመድደው ሐሳብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንካራ ስለ ሆነ ልናልፈው አንፈልግም። «የአገራችን ሰው በነፍስ ወከፍ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ከአንድ ቶን እጅግ ያነሰ ነው፤ ዓለምን ያበላሹት ሌሎች ናቸው፤ እኛ ለምን እንቀጣለን?» ይላል። ክሱ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። እኛ ስለ ሌላው ኃጢአት ንስሐ እንግባ አላልንም። መስተዋቱና አሉሚኒየሙ ከውጭ ይመጣል፤ መስተዋቱ ያጋለውን ክፍል የሚያበርደው መሣሪያም ከውጭ ይመጣል፤ መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫውም ከውጭ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? መብራት በሚጠፋበት ቀንስ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ማን ነው? ነገሩ ስለ ዓለም አየር ብቻ ሳይሆን ስለ ድኻ ኪስ ነው።

ሦስተኛዎቹ «ባለንብረቱ መስተዋት ይፈልጋል» ይላሉ። ባለንብረቱ የሚፈልገው ያየውን ነው፤ ያሳየነውም እኛ ነን። ሐኪም በሽተኛው የጠየቀውን መድኃኒት ሁሉ ይጽፋልን?

ይህ ሊሠራ የማይችል ሕልም ነው የሚል ቢኖር ወደ ቡርኪና ፋሶ ይመልከት። ፍራንሲስ ኬሬ ለተወለደባት ለጋንዶ መንደር የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የነደፈው በበርሊን ገና ተማሪ ሳለ ነው። ገንዘቡን ከወዳጆቹ ጋር ለቃቅሞ፣ የመንደሩን ሰዎች ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ሠርቶ ጨረሰ። ግድግዳው የአገሬው አፈር ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ከሸክላው ኮርኒስ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስለ ሆነ ትኩሱ አየር በመካከላቸው እየወጣ ይሄዳል፤ ክፍሉ ያለ ማብረጃ መሣሪያ ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን፣ በ2022 ደግሞ የፕሪትዝከርን ሽልማት ከአፍሪቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀበለ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ምድር ቤትና አንድ ፎቅ ያለው የአፈር ቤት ተሠርቶ ታይቷል። እንግዲህ የጎደለው ማስረጃ አይደለም። የጎደለው፣ እንዲህ ያለው ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚጎበኝ ትርኢት መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ትምህርት መሆኑ ነው።

ጣታችንን ወደ ሌላው ብቻ ብንቀስር ግን ሐሰተኞች እንሆናለን። ከስልካችን ላይ የዱባይን ሕንፃ ቀድተን፣ ስሙን ለውጠን፣ ዛፍ በሰገነቱ ላይ ስለን «አረንጓዴ ነው» ብለን ያቀረብን እኛው ነን። አሸዋ በእጃችን ሳንነካ የሕንፃ ባለሙያ ለመባል የምንቸኩል እኛው ነን። ግንበኛው ስሕተታችንን ሲነግረን «አንተ ምን ታውቃለህ?» ያልን እኛው ነን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት የሚነካው አስተማሪን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አዲስ ትምህርት ይጨመርልን አንልም፤ መርሐ ግብሩ እንደ ሞላ እናውቃለን። የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

1ኛ/ ከአንደኛው ዓመት ጀምሮ ለማንኛውም ንድፍ የሚሰጠው ትእዛዝ የቦታውን ከፍታ፣ የፀሐይ መንገድ፣ የነፋስ አቅጣጫና የዝናብ መጠን ይግለጽ። በቀትርና በ10 ሰዓት ፀሐይዋ የት ድረስ እንደምትገባ የማያሳይ ንድፍ ለግምገማ አይቅረብ።

2ኛ/ ከእያንዳንዱ ንድፍ ጋር የሲሚንቶው፣ የብረቱና የመስተዋቱ መጠን በቁጥር ይቅረብ፤ ከየት እንደሚመጣም ይጻፍ። ነጥብም ይሰጥበት።

3ኛ/ ተማሪው በመጀመሪያው ዓመት ጭቃ በእግሩ ያቡካ፣ ድንጋይ ይጥረብ፣ ቀርከሃ ይሰንጥቅ። የሚያስተምሩትም ግንበኞችና አናጢዎች ይሁኑ፤ እንደ መምህር ይከበሩ፤ እንደ መምህርም ይከፈላቸው።

4ኛ/ የተሠራ ሕንፃ ተመልሶ ይመርመር። ቴርሞሜትር ይዘን ገብተን፣ የሚኖርበትን ሰው ጠይቀን፣ ያገኘነውን እንጻፍ። ምርመራው ከራሳችን አዳራሽ ይጀመር።

ለአራተኛው ጥያቄ ፈቃድ እስኪሰጠን አንጠብቅም። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ አንድ ቴርሞሜትር በአዳራሹ ምዕራባዊ ግድግዳ፣ ሌላው በምሥራቃዊው ይሰቀላል። በየሰዓቱ ተራ ገብተን እንመዘግባለን፤ ውጤቱም በዚሁ ጋዜጣ ይወጣል። የሚያግዘን ሁሉ፣ መምህርም ቢሆን፣ ይምጣ። ከዚያ በኋላ ለዚያ መስኮት የሚሆን ክፈፍ ወይም መከታ ራሳችን እንነድፋለን፤ በአገር ቀርከሃ እንሠራዋለን። ወረቀቱን ከመስኮቱ ላይ የምናነሣው በዚያን ቀን ነው።