የብድር ታሪኬን ግልባጭ ስጡኝ

ብድር ጠይቆ የተከለከለ ሰው የተፈረደበትን ወረቀት ሊያየው ይገባል። ማየት ብቻም አይበቃም፤ ግልባጩን ሳይከፍል ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት።

ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ዳር የልጆች ልብስ የሚሸጡ ጎረቤቴ፣ ለበዓል ዕቃ ማስገቢያ ብድር ጠይቀው «እናት፣ የብድር መረጃዎ ችግር ያሳያል» ተባሉ። የትኛው ብድር? የመቼ? ስንት ብር? ሠራተኛው ፊቱ ያለውን ገጽ አትሞ አልሰጣቸውም። ድሮ ለዘመድ ዋስ ሆነው ነበር፤ እሱ ይሆን እያሉ እስካሁን ይገምታሉ።

ባንኮች ስለ ተበዳሪው የሚያዩት መረጃ የሚሰበሰበው ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ነው። የመረጃ ልውውጡ በመመሪያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ በ2012 የብድር መረጃ ማዕከሉ በሌላ መመሪያ ተደራጀ። ሥርዓቱን አልቃወምም። ቤትና መኪና ማስያዝ ለማይችል ነጋዴ፣ ብድሩን በወቅቱ የመለሰበት ታሪኩ ትልቁ ሀብቱ ነው። ታዲያ ባለሀብቱ ሀብቱን አያውቀውም።

ስህተት ደግሞ አይጠፋም። የቤተሰብ መጠሪያ ስም በሌለበት አገር ስማችን ከነአያታችን እየተጻፈ፣ መሐመድ አሕመድ የሚባሉ ስንት ሰዎች በአንድ ቅርንጫፍ ደብተር አላቸው! ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባም ባንዱ ባንክ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የፋይዳ መታወቂያ ይህን እያቃለሉት ነው። ነገር ግን ተከፍሎ ያለቀ ብድር እንዳልተከፈለ ተመዝግቦ ቢቀር ቁጥሩ ምን ያደርጋል? ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ተብሎ ይመደባል፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ከባንክ ባንክ ቢዞር በሩ ዝግ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከአምስት ሸማቾች የአንዱ የብድር ሪፖርት ቢያንስ በአንድ ቦታ ስህተት ተገኝቶበታል። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ባለበት አገር!

እዚያ ግን ሕጉ ለሸማቹ መሣሪያ ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ ማንም ሰው ከሦስቱ ትላልቅ የብድር መረጃ ድርጅቶች በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርቱን በነፃ የማግኘት መብት አገኘ፤ አሁን በየሳምንቱ በኢንተርኔት ያገኘዋል። በሪፖርቱ ምክንያት ብድር የተከለከለም በ60 ቀን ውስጥ በነፃ መጠየቅ ይችላል። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን የብድር ሪፖርታቸውን እንደ ልደት ቀናቸው የሚያውቁት በዚህ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በዓመት አንዱን በነፃ እንዲሰጥ ደንግጋለች።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። የጎደለው የባንክ መስኮቱ ልማድ ነው። ብድር የተከለከለ ደንበኛ ጥያቄ እንዲያቀርብ፣ ደብዳቤ እንዲጽፍ፣ ዋና መሥሪያ ቤት እንዲመላለስ ሊጠበቅበት አይገባም፤ የእምቢታው ደብዳቤና የመረጃው ግልባጭ አብረው ይሰጡት። ይህንን ብሔራዊ ባንክ በአንድ መመሪያ ሊያስገድድ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የስልኩ ብድር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር «ቴሌብር መላ»ን በ2014 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም «ምቹ»ን ካመጣ በኋላ፣ ያለ ማስያዣ መበደር የብዙ ሰው ዕለታዊ ጉዳይ ሆኗል። የሚፈቀድልንን ልክ የሚወስነው ስሌት ነው። ትናንት ተፈቅዶልኝ የነበረው ዛሬ ለምን ቀነሰ ብሎ ለሚጠይቅ ተበዳሪም፣ ስሌቱ የተመሠረተበት መረጃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሚያነበው ቋንቋ እዚያው ስልኩ ላይ ሊታየው ይገባል።

ግልባጩ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውም አሉ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ፣ ሱቃቸውንና የለመዱትን ደንበኛ ትተው ወደ ሌላ ሰፈር የሄዱ ነጋዴዎች አሉ። አዲስ ቦታ ለመጀመር ብድር መጠየቃቸው አይቀርም። በዝውውሩ ወራት የዘገየ ክፍያ ካለባቸው መዝገቡ የሚያሳየው መዘግየቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ከጎኑ ለማስጻፍ መጀመሪያ ምን እንደተጻፈባቸው ማንበብ አለባቸው።