ስክሪኑን ውሰዱት፣ ኤርባጉን ስጡን

ቶዮታ ዘጠነኛውን ትውልድ ሃይሉክስ በኖቬምበር 2025 ባንኮክ ላይ ካሳየ ወዲህ ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ፊቱ ገጽና ስለ ስክሪኑ ነው። ስለ ባሌስትራው የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አልሰማሁም። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ወገኖቼ፣ ፒካፕ ለእኛ ጌጥ አይደለም። ሱቅ ነው፣ መጋዘን ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ አምቡላንስ ነው። የሦስትና የአራት ቤተሰብ ዕቁብ አንድ ላይ ተጠራቅሞ የሚገዛ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በላዩ ላይ የሚጫን ንብረት ነው። ስለዚህ "አዲስ ሞዴል መጣ" ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን "ለማን ታስቦ ተሠራ?" መሆን አለበት። የእኔ መልስ አጭር ነው። በአብዛኛው ለእኛ ታስቦ አልተሠራም። እንዲታሰብልን ደግሞ አፋችንን ከፍተን መጠየቅ አለብን።

መጀመሪያ መንገዳችንን እንይ። ከጅቡቲ ከተማ በዲክሂልና በዮቦኪ አድርጎ ጋላፊ የሚደርሰው መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው፤ በከባድ መኪና ብዛት የተጎሳቆለውን የአስፋልቱን ክፍል የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። በአሊ ሳቢህና በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚወጣው ደግሞ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ያወጣል፤ ያውም ከነጭነቱ። በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ የከምሲን ነፋስ አሸዋውን ወደ ሞተሩ ይነዛል። ከተማዋ በሦስት ጎን በባሕር የተከበበች ስለሆነች ጨዋማው አየር ቆመን ባደርንበት ሁሉ ብረት ይበላል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ወደሚገኘው የአሳል ሐይቅ ለጨው የሚወርደው ሰው መኪና ምን እንደሚመስል ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያየ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሾፌሩን ጠይቁት። ባለቤቱን ወይም ሻጩን አይደለም ያልኩት፤ መሪ የሚይዘውን ሰው ነው። የሚነግራችሁ ነገር ቁጥር የለሽ አይደለም።

አንደኛ፣ ጭነት። በወረቀት አንድ ቶን ይጭናል የተባለ መኪና አንድ ቶኑን በጉድጓድ መንገድ ላይ በየሳምንቱ ይሸከም። የኋላ ባሌስትራው ለምቾት ተብሎ ሲለሳለስ በከተማ ጥሩ ነው፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ይዞ ለሚወጣ ሰው ግን የኋላው መሬት ሲስም የፊቱ ሰማይ ያያል። ሲንግል ጋቢናውም አይጥፋብን። አራት በር ያለው ደብል ጋቢና ቤተሰብ ለማመላለስ ያምራል፣ ነገር ግን የጫነው ሰው እንጂ ካሳው አይደለም። ነጋዴ ገንዘብ የሚያገኘው ከካሳው ርዝመት ነው።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣ። ራዲያተሩም የጋቢናው ኤሲም። ጉምሩክ ላይ ሞተር ሳይጠፋ ሁለትና ሦስት ሰዓት የሚቆም መኪና የሚፈተነው በሩጫ ሳይሆን ቆሞ ነው። ኤሲ በእኛ አገር ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ በሐምሌ ቀትር በሙቀት የደነዘዘ ሾፌር ከሰከረ ሾፌር አይሻልም።

ሦስተኛ፣ ጥገና። ዮቦኪ አጠገብ ሴንሰር ቢበላሽ ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ የለም። ሾፌር የሚፈልገው አንድ ሴንሰር ሲጠፋ ሞተሩ "አልሄድም" ብሎ የማይተኛ፣ በቁልፍና በፒንሳ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያደርስ መኪና ነው። መስኮት በእጅ ቢዞር ማንም አይሞትም።

አራተኛ፣ ናፍጣ። አዳዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ጢሱን የሚያጠምድ የጥቀርሻ ፊልተር ይዘው ይመጣሉ። ፊልተሩ የያዘውን ጥቀርሻ አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው መኪናው ረዘም ላለ ጊዜ በፍጥነት ሲሮጥና ሲግል ነው። ከባልባላ ወደ ገበያ ቀኑን ሙሉ እየቆመ እየተነሳ ለሚሠራ መኪና ያ ዕድል የለም። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ንጹሕ አየር አንፈልግም እያልኩ አይደለም፤ የባልባላ ልጆችም ሳንባ አላቸው። ነገር ግን ንጹሕ ሞተር ከንጹሕ ነዳጅ ጋር አብሮ ይምጣ። ማጣሪያውን ብቻ ሸጦ ነዳጁን ለዕድል መተው ወጪውን በነጋዴው ራስ ላይ መጫን ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩስ? በአዲሱ ሃይሉክስ የባትሪ ሞዴል ቀርቧል። ኩባንያው ለአውሮፓ ባወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ባትሪው 59.2 ኪሎዋት ሰዓት፣ አንድ ሙሌት ወደ 240 ኪሎ ሜትር፣ ጭነቱ 715 ኪሎ፣ የሚጎትተው 1,600 ኪሎ ነው። የናፍጣው ሞዴል አንድ ቶን ይጭናል፣ 3,500 ኪሎ ይጎትታል። እስቲ እናስላው። 240 ኪሎ ሜትር የተለካው በአውሮፓ የሙከራ ሥርዓት ነው። ጭነት ሲጨመር፣ ኤሲው ሲሠራ፣ ዳገቱ ሲመጣ ይቀንሳል። ጋላፊ ቢደርስ እንኳ እዚያ ምን ላይ ይሰካል? ስለዚህ ለድንበር ሥራ ዛሬ አይሆንም፤ ይሆናል የሚላችሁ ሻጭ ካለ መጀመሪያ እሱ ይንዳው።

ይህን ስል የኤሌክትሪክ ጠላት አይደለሁም። ከዶራሌ ወደ ከተማ ቀን ሠርቶ ማታ ቤቱ ለሚያድር መኪና ሊያዋጣ ይችላል። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በመስመር ኃይል ትቀበላለች፤ ኢትዮጵያም በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይታያል። እንግዲያው የሚያስፈልገን በመስመሩ ላይ፣ በዲክሂልና በአሊ ሳቢህ፣ በጋላፊና በደወሌ፣ ቻርጀር ነው። ቻርጀሩ ሳይኖር መኪናውን መግዛት ጉድጓዱ ሳይቆፈር ባልዲ መግዛት ነው።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ "ልክ ነው፣ ድሮ ነበር መኪና!" የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ከእሱም ጋር ጠብ አለኝ። የድሮው ፒካፕ ሞተሩ ጠንካራ ነበር፤ ሾፌሩን ግን ይገድል ነበር። በአፍሪካ የሚሸጡ መኪናዎችን የሚፈትነው ግሎባል ኤንካፕ በ2018 አዲሱን የኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒካፕ ሲፈትን ለአዋቂ ተሳፋሪ ደኅንነት ዜሮ ኮከብ ሰጠው። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ አዲስ የአፍሪካ መኪና ከአውሮፓ ገበያ ከመጣ ያገለገለ የ2015 ናቫራ ጋር አጋጨው። ውጤቱ ልብ ይሰብራል፦ በአሮጌው የአውሮፓ መኪና ውስጥ ያለው ሾፌር በሕይወት ሊወጣ ሲችል፣ በአዲሱ የአፍሪካ መኪና ውስጥ ያለው የሚተርፍ አይመስልም ነበር። አንድ ፋብሪካ፣ ሁለት ዓይነት ነፍስ።

የክርክሬ ልብ እዚህ ላይ ነው። "ቀላል መኪና ስጡን" ስንል ፋብሪካዎች የሚሰሙት "ርካሽ ሞት ስጡን" የሚል ይመስላል። ለእኛ ከሚላከው ዝቅተኛ ሞዴል የሚቀነሰው ኤርባግ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያና ጥሩ ፍሬን ነው፤ ስክሪኑና የቆዳ ወንበሩ ወደ ውዱ ሞዴል ይሄዳል። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ስክሪኑን ቀንሱ፣ የሚበራውን ጌጥ ቀንሱ፤ ኤርባጉን፣ ኤቢኤሱን፣ የማይታጠፈውን ጋቢና ግን ለመጨረሻው ርካሽ ሞዴልም ስጡ። ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ አንድ አይደለም። ሞተሩን የሚያስተኛ ሴንሰር ሌላ፣ ጎማው በአሸዋ ሲንሸራተት ሕይወት የሚያተርፍ ሴንሰር ሌላ።

"እንዲህ ዓይነት መኪና መሥራት አይቻልም" የሚሉን ደግሞ ሐሰት ነው። ላንድክሩዘር 70 ከ1984 ጀምሮ እየተሻሻለ እስካሁን ይሠራል። ያው ቶዮታ በኖቬምበር 2023 ታይላንድ ውስጥ ሃይሉክስ ቻምፕ የተባለ ፒካፕ ለገበያ አውጥቷል፤ ሲንግል ጋቢና፣ ጠፍጣፋ ካሳ፣ ገዢው እንደ ሥራው የፈለገውን አካል እንዲያስርበት የብሎን ቀዳዳ የተዘጋጀለት፣ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 459,000 ባት የነበረ። ለታይ ገበሬና ነጋዴ ይህን ማሰብ ከቻሉ፣ ለቀይ ባሕር ነጋዴ የማያስቡት ስላልጠየቅናቸው ነው።

ለምን አልጠየቅንም? እውነቱን እንነጋገር። ከእኛ መካከል ፒካፕ ለሠርግ አጀብ የሚገዛ አለ። ጎረቤት እንዲያይለት ከፍተኛውን ሞዴል በብድር ወስዶ፣ በሁለተኛው ዓመት ባሌስትራ ለማስጨመር ገንዘብ የሚያጣ አለ። ሁለት ቶን በአንድ ቶን መኪና ላይ ጭኖ ፋብሪካውን የሚረግምም አለ። ሻጭ እንዲህ ያለውን ገዢ ሲያይ ስለ ባሌስትራ ለምን ይጨነቃል?

ስህተቱ ደግሞ ዛሬ ከትላንት ይበልጥ ውድ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ታስሯል፤ የኢትዮጵያ ብር ግን በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ወደ መቶ ብር በላይ ሄደ። ሽያጩ በብር፣ መኪናውና መለዋወጫው በፍራንክ ወይም በዶላር የሆነበት ነጋዴ አንድ የተሳሳተ መኪና ከገዛ ለማስተካከል ሌላ ዕቁብ አይበቃውም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ማንም ሰው ቅድሚያ ክፍያ ከማስያዙ በፊት አምስት ነገር ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፦ ሞተሩ እዚህ በሚሸጠው ናፍጣ ይሠራል ወይ? ዋስትናው ከደወሌና ከጋላፊ ማዶም ያገለግላል ወይ? ፊልተር፣ ኖዝልና ፍሪሲዮን ጅቡቲ መጋዘን ውስጥ አለ ወይስ ከዱባይ ይጠበቃል? ስንት ኤርባግ አለው፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውስ? ከሥር የዝገት መከላከያ ተቀብቷል ወይ? ሻጩ ከሳቀ ወይም "አታስብ" ካለ ሌላ ዘንድ ሂዱ።

ሁለተኛው፣ ብቻችንን አንግዛ። አምስትና ስድስት ገዢ ሆነን አንድ ቀን አንድ ሻጭ ዘንድ ስንገባ ሲንግል ጋቢናውም ይገኛል፣ ወፍራሙ ባሌስትራም ይታዘዛል። ስንሄድም ሾፌሩን ይዘን እንሂድ፤ ከካሳው ሥር ገብቶ ያያል፣ ለእኛ ያልታየንን ይጠይቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። በጋቢናው ውስጥ የሚቀመጠው የእኛው ልጅ ነውና፣ ከስክሪኑ በፊት ስለ እሱ እንከራከርለት።