ላቲን ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ምን ይፈይዳል?

በጅማ አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ዓለም ገና፣ እንዲሁም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ የሱቅ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቋንቋ ማንበብ የተለመደ ነገር ነው። አማርኛውን በፊደላችን፣ አፋን ኦሮሞውን በቁቤ፣ እንግሊዝኛውን በራሱ ሆሄያት ያነብባል። ቁቤና የእንግሊዝኛው ሆሄያት የመጡት ግን ከአንድ ምንጭ ነው፤ እርሱም የላቲን ፊደል ነው። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. ይህን ፊደል የጽሕፈቱ መሠረት ካደረገ ወዲህ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ላቲን በየዕለቱ ከዓይን የማይጠፋ ጎረቤት ሆኗል።

ይህ ጉርብትና አንዳንድ ጊዜ ግር ያሰኛል። “ኤክስ” የተባለው ሆሄ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያልታወቀ ቁጥር ነው፤ በቁቤ ግን “ጥ” ተብሎ ስለሚነበብ ጤፍ (“ጣፊ”) የሚጻፈው በእርሱ ነው። “ሲ” በቁቤ “ጭ” ነው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ “ክ”፣ ሌላ ጊዜ “ስ” ይሆናል፤ በጥንታዊው ላቲን ደግሞ ሁልጊዜም “ክ” ነበር። የመዳብን ኬሚካዊ ምልክት “ሲ ዩ”ን አንድ የቁቤ አንባቢ “ጩ” ብሎ ቢያነበው በቁቤው ሕግ አልተሳሳተም። መጠየቅ ያለብን ጥያቄ ግን ከአነባበብ ያልፋል፦ መዳብ በእንግሊዝኛ “ኮፐር” ከተባለ ምልክቱ ስለምን “ሲ ዩ” ሆነ? ብረትስ “አይረን” ሲባል ስለምን “ኤፍ ኢ” ተባለ? ወርቅ “ኤ ዩ”፣ እርሳስ “ፒ ቢ”፣ ሶዲየም “ኤን ኤ” የተባሉት ከየት መጥተው ነው?

መልሱ አጭር ነው። ምልክቶቹ የተወሰዱት ከላቲን ስሞቻቸው ነው፤ ኩፕሩም፣ ፌሩም፣ አውሩም፣ ፕሉምቡም፣ ናትሪዩም። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ይሁንና በብዙ ክፍሎች እነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ስለማይገኙ ተማሪው ምልክቶቹን እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመድዳቸዋል። ከፈተና ማግስት የሚረሱትም ስለዚሁ ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ለአንድ ነገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት የቃላትን ሥር ማስተማር ይገባዋል። ላቲን ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ይሁን አንልም፤ ለዚያ የሚሆን መምህርም ጊዜም የለም። ተማሪው በመጽሐፉ ውስጥ ቀድሞውኑ የሰፈሩትን ቃላት ከፍቶ እንዲያይ ቁልፍ ይሰጠው ማለታችን ነው። ከእነዚህ ሥሮች ብዙዎቹ በትክክል ሲታዩ ግሪክኛ መሆናቸውንም አንዘነጋም፤ ወደ ሳይንስ የገቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ የላቲን ልብስ ለብሰው ነው።

የስፓኒሽ ምሳሌ

ነገሩን ለመረዳት ከላቲን የተወለደ አንድ ሕያው ቋንቋ እንመልከት። ስፓኒሽ ተናጋሪ ተማሪ ወርቅን “ኦሮ”፣ መዳብን “ኮብሬ”፣ እርሳስን “ፕሎሞ” እያለ ያድጋል። ስለዚህ “ኤ ዩ”፣ “ሲ ዩ” እና “ፒ ቢ” ለእርሱ ሩቅ ምልክቶች አይደሉም። ሥጋን “ካርኔ” ስለሚል፣ ሥጋ በል እንስሳት በሳይንስ የሚጠሩበት ቃል ከማዕድ ቤቱ የወጣ ያህል ይቀርበዋል።

ይህ ምሳሌ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በኦጋዴን ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ፣ ወደ ኩባ ተልከው “የወጣቶች ደሴት” በምትባለው ደሴት በስፓኒሽ ተምረዋል። ከመካከላቸው ሐኪሞችና መሐንዲሶች የሆኑ አሉ። ያን ቋንቋ የተማሩት ከፊደሉ ጀምረው ነበር። ሆኖም አንዴ የዕለት መግባቢያቸው ከሆነ በኋላ፣ የሳይንሱን ቃላት ከዕለት ቃላት ጋር የሚያገናኘው ድልድይ በዚያው ቋንቋ ውስጥ ተዘርግቶ ጠበቃቸው።

የእኛ አገር ተማሪ ሳይንስን የሚማረው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ከላቲን ብዙ ቢዋስም የዕለት ቃላቱ ሌላ ምንጭ አላቸው። ስለዚህ ተማሪያችን ሁለት ግድግዳ ይገጥመዋል፤ አንዱ እንግሊዝኛው ነው፤ ሁለተኛው ከእንግሊዝኛው ጀርባ ያለው ላቲን ነው። ስለ መጀመሪያው ግድግዳ ብዙ ተብሏል። ሁለተኛውን ግን ያስታወሰው ጥቂት ነው።

ድልድዩ በእጃችን አለ

ደስ የሚለው ነገር፣ ለዚህ የሚሆን ድልድይ በራሳችን ቋንቋዎች ውስጥ መኖሩ ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ “ካርኒቮር” የሚለው ቃል ከሁለት የላቲን ቃላት ተሠርቷል፤ አንዱ ሥጋ፣ ሌላው መብላት ማለት ነው። በአማርኛ “ሥጋ በል” ስንል ያንኑ ነው ያልነው። “ኢንቨርቴብሬት” በላቲን አሉታ ይጀምራል፤ “አከርካሪ አልባ” የሚለው አማርኛ አሉታውን መጨረሻ ላይ አድርጎ ያንኑ ይናገራል። “ማማል” የሚለው ቃል “ማማ” ከሚለው፣ ጡት ከሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ “አጥቢ” ስንል ከዚያው ደርሰናል። “ፎቶሲንተሲስ” ብርሃንንና ማጣመርን የሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት ናቸው፤ “ብርሃን አስተፃምሮ” የሚለው ስያሜያችን ከግእዝ ተነሥቶ ያንኑ መንገድ ሄዷል።

የአፋን ኦሮሞ ተናጋሪውም ተማሪ እንዲሁ ነው። “አኳ” ለእርሱ “ቢሻን” ነው፤ “ቴራ” ደግሞ “ላፋ” ነው። አንድ ሥር በሁለት በሚያውቃቸው ቋንቋዎች ሲታሰር የመረሳት ዕድሉ ይቀንሳል። አንድ ሥር ደግሞ ብዙ በር ይከፍታል። “አይቲስ” የተባለው መድረሻ ብግነትን እንደሚያመለክት ያወቀ ተማሪ ጋስትራይቲስን፣ አርትራይቲስንና ሄፓታይቲስን ለየብቻ መሸምደድ አያስፈልገውም፤ የቀረው የትኛው የአካል ክፍል እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

የሰዋስው ነገርም እንግዳ አይሆንበትም። የሰበታው የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ከሚያውቃቸው ዓሦች አንዱ ቆሮሶ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ “ኦሬኦክሮሚስ ኒሎቲኩስ” ይባላል። አንድ የግራር ዝርያ ደግሞ “ቫቼሊያ ኒሎቲካ” ተብሏል። ሁለቱም ቅጽሎች “የዓባይ” ማለት ናቸው፤ መድረሻቸው የተለያየው አንዱ ስም በተባዕታይ፣ ሌላው በአንስታይ ጾታ ስለሚሄድ ነው። “ቅዱስ” እና “ቅድስት” የሚል ሰው ይህን ለመረዳት ምን ያስቸግረዋል?

ስም ሲመረመር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማስታወስ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ግን አለን። የስምን ትርጉም የሚያውቅ ተማሪ ስሙ እውነት መሆኑን መጠየቅ ይችላል፤ ትርጉሙን የማያውቅ ግን የተሰጠውን ይቀበላል።

ቡናን እንውሰድ። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 “ኮፊያ አራቢካ” ብሎ ሲሰይመው፣ አውሮፓ ቡናን ያወቀችው በዐረብ አገር በኩል ነበር። የዚህ ዝርያ የዱር መገኛ በዋነኛነት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን እንደ ሆነ ዛሬ እናውቃለን። በአሰያየም ሕግ መሠረት ቀዳሚው ስም ስለሚጸና ግን “የዐረብ ቡና” እንደ ተባለ ቀርቷል። ስንት ተማሪ ይሆን “አራቢካ” የሚለውን ቃል በየማሸጊያው እያነበበ ትርጉሙን ሳይጠይቅ የሚያልፈው?

በተቃራኒው በእኛ ስም የሚጠራ ነገር ሁሉ የእኛ አይደለም። ለጌጥ የሚተከለውና ነጭ ቀንድ መሰል አበባ ያለው “ዛንቴዴሺያ ኤቲዮፒካ” የትውልድ አገሩ ደቡባዊው አፍሪካ ነው፤ በቀድሞው ዘመን “ኢትዮጵያ” የሚለው ስም ለሰፊው የአፍሪካ ምድር ይውል ነበርና። ኦክስጅንም “አሲድ አስገኚ” የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት ተሰይሟል፤ ላቮዋዚዬ አሲድ ሁሉ ኦክስጅን አለው ብሎ ያምን ስለነበር ነው። እምነቱ ስሕተት መሆኑ ቢረጋገጥም ስሙ ቀርቷል። በሌላ አነጋገር የሳይንስ ስሞች የሳይንስን ታሪክ ከነስሕተቱ ይዘው ይኖራሉ።

ድንቅነሽን የሚጠራው “አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ” የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። “አውስትራሎ” ከላቲን “ደቡባዊ”፣ “ፒቴከስ” ከግሪክ “ዝንጀሮ መሰል”፣ “አፋሬንሲስ” ደግሞ “የአፋር” ማለት ነው። አፋር በኢትዮጵያ ሰሜን ምሥራቅ ስትሆን “ደቡባዊ” የሚለው ከየት መጣ? የዚህ ወገን የመጀመሪያው ቅሪት የተገኘው በደቡብ አፍሪካ ስለነበርና ስሙም እ.ኤ.አ. በ1925 ለእርሱ ስለተሰጠ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያኮራ ነገር አለ። “አርዲፒቴከስ ራሚደስ” በሚለው ስም ውስጥ “አርዲ” እና “ራሚድ” የአፋርኛ ቃላት ናቸው፤ መሬትና ሥር ማለት ናቸው። የጤፍ ሳይንሳዊ ስም “ኤራግሮስቲስ ቴፍ”፣ የዋልያ “ካፕራ ዋሊ”፣ የጭላዳ ደግሞ “ቴሮፒቴከስ ጌላዳ” ነው። ላቲን የአንድ አህጉር ርስት ቢሆን ኖሮ እነዚህ የእኛ ቃላት በውስጡ ቦታ ባላገኙ ነበር። ላቲን ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ አለመሆኑ የሁሉም መገናኛ ለመሆን ረድቶታል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

“ላቲን እኮ ጊዜው አልፎበታል” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ማብቂያ ድረስ አዲስ የዕፅዋት ዝርያ ሲሰየም መግለጫውን በላቲን መጻፍ ግዴታ ነበር፤ ከ2012 መግቢያ ጀምሮ እንግሊዝኛም ተፈቅዷል። ስሞቹ ግን ዛሬም የላቲን መልክ ይይዛሉ።

“ከላቲን ይልቅ ግእዝን ብናጠና አይሻልም?” የሚል ደግሞ ይኖራል። ጥያቄው የሚከበር ነው። ሁለቱን ማጋጨት ግን አያስፈልግም። የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ በ17ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የግእዝና የአማርኛ ሥራዎቹን ያሳተመው በላቲን ነው። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያወጣው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላትም ፍቺው በላቲን የተጻፈ ነው። ግእዝን በጥልቀት የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ምሁር በመንገዱ ላይ ላቲንን ማግኘቱ አይቀርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ቃል ማወቅ ሳይንስ ማወቅ አይደለም። ይህንንም እንቀበላለን። “ብርሃን አስተፃምሮ”ን የተረጎመ ሁሉ ቅጠል እንዴት ምግብ እንደሚሠራ አወቀ ማለት አይደለም። ስለዚህ የቃል ሥር የቤተ ሙከራን ጊዜ መሻማት አይገባውም፤ በየምዕራፉ መግቢያ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ይልቁንም ስሙ ራሱ ወደ ምርመራ ሊጋብዝ ይችላል። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት እንዶድ “ፊቶላካ ዶዴካንድራ” ይባላል። “ዶዴካንድራ” አሥራ ሁለት የወንዴ አካል ያለው ማለት ነው። እውነት አሥራ ሁለት ናቸው? በግቢው አጠገብ እንዶድ የበቀለለት ትምህርት ቤት አበባውን በማጉያ መነጽር ቆጥሮ መመስከር ይችላል። ከሰበታ በላይ በመናገሻ ሱባ ደን ያለውም ጽድ “ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ” ተብሏል፤ “ፕሮሴራ” ረጅም ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቀና ማለት ብቻ ይበቃል።

በመሆኑም ውድ ተማሪዎች፣ የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻችሁም። በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጾች ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው የቃሉን ሥር፣ በሁለተኛው በምትናገሩት ቋንቋ ያለውን ፍቺ፣ በሦስተኛው “ስሙ እውነት ነውን?” የሚለውን ጥያቄ አስፍሩ። መምህራንም ይህችን ሦስተኛ ዓምድ ተመልክተው ነጥብ ቢሰጡባት መልካም ነው። ሁለቱ ዓምዶች ለፈተና ያግዛሉ፤ ሳይንስ የሚጀምረው ግን በሦስተኛው ነው እንላለን።