ራሱን የተመታ ልጅ እንቅልፉን አይነፈግ

በደብረ ማርቆስ፣ በጎዛምን፣ በስናንና በማቻከል ለምትኖሩ ወገኖቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ከባሕር ማዶ ነው።

በገና ጨዋታ ሩር ወይም ዱላ ራሱን ያገኘው፣ ከፈረስ የወደቀ፣ ኳስ በቴስታ ሲሻማ ከጓደኛው ጋር የተጋጨ ልጅ ሲያንቀላፋ፣ «እንዳይተኛ!» ተብሎ ሌሊቱን ሲነቀነቅ ማደሩ እዚህም እዚያም የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ከፍቅር ቢመጣም ልጁን ይጎዳዋል እላለሁ። ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። ራስ ቅል ውስጥ ደም የሚፈሰው ሰው መጀመሪያ ደህና መስሎ ይቆይና በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ለሚያየው ሰው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። የሚገድለው ደሙ እንጂ እንቅልፉ አይደለም፤ ልጁን ማንቃትም ደሙን አያቆመውም። ስለዚህ የሚጠበቀው ምልክቱ ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ሰውነቱ ከተንዘፈዘፈ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ፣ የዓይኖቹ ብሌን መጠን ከተለያየ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ መሰል ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከሆስፒታል የራቀው የጮቄ ነዋሪ በተለይ «እስኪነጋ እንየው» አይበል። ምልክቱ ከሌለና የጤና ባለሙያ አይቶ ደህና ነው ካለው ግን ይተኛ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት አንድ ሰው አጠገቡ ይደር።

ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት የአንጎል መናወጥ የደረሰባቸው ወጣቶች፣ እንቅልፋቸው ሲዛባ ራስ ምታቱ፣ መርሳቱና ብስጭቱ እንደሚረዝምባቸው ጥናቶች ያሳያሉ። «እንቅልፍ የሚነሳው የጉዳቱ ክብደት ቢሆንስ?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። ሁለቱም አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሆኖም ለአንጎል ዕረፍት መስጠት ውጤት እንዳለው የሚጠቁም ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 25 በሆኑ 125 ታካሚዎች ላይ ተካሂዶ በታተመ ጥናት፣ ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከስልክና ከቴሌቪዥን የራቁት ግማሾቹ በ3.5 ቀን ገደማ ሲያገግሙ፣ ያልተከለከሉት ግማሾቹ 8 ቀን ፈጅቶባቸዋል። የተፈተነው ስክሪን እንጂ እንቅልፍ ባይሆንም፣ ሌሊት ከልጁ እጅ ስልኩን ለመውሰድ በቂ ምክንያት ነው።

«እንግዲያው ሳምንት ሙሉ ተጋድሞ ይክረም» የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ለ5 ቀናት ጥብቅ ዕረፍት የታዘዘላቸው ወጣቶች 1 ወይም 2 ቀን ካረፉት የበለጠ ሕመም እንደተሰማቸው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም የተሰበሰቡ ባለሙያዎችም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ ዕረፍት፣ በዚያው ጊዜም እንደ እግር ጉዞ ያለ ለስላሳ እንቅስቃሴ መክረዋል። ቀን ይንቀሳቀስ፣ ሌሊት በሰዓቱ ይተኛ፤ ባለሙያ ሳይፈቅድለት ግን ወደ ጨዋታ አይመለስ፣ ሁለተኛው ምት ይከፋልና።

ከባዱ ተቃውሞ የኑሮው ነው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ የአብነት ተማሪው የሌሊት ቅጸላ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣው ከብት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ጤነኛ ልጅ እንኳ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። የተናወጠ አንጎል ሌሊት ያነበበውን በደንብ አይዝም፤ የተረፈ የመሰለው ሰዓት በከንቱ ይባክናል። ስለዚህ የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው፦ መምህራንና የኔታዎች ለተጎዳው ልጅ የሌሊቱን ጥናት እስኪያገግም ተዉለት፤ ወላጆችም የማለዳውን ሥራ ለሌላ ሰው ስጡለት።

አክባሪ ወገናችሁ