ደረጃው ሲጮህ ቀበሌን ለምን እንጠብቃለን?

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ አሮጌ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት ተደብቆ ቤቱ መግባት አይችልም። ደረጃው ያሳብቅበታል። አራተኛው እርከን ላይ «ሲጥ»፣ ሰባተኛው ላይ «ቋ»፣ ከዚያ የጎረቤት ሳል፣ ከዚያ «ማነህ?»። እኛም ስንስቅበት ኖረናል። ሳቃችን ያበቃው ከላይ የሚኖሩት እማማ መብራት በጠፋበት ምሽት ውሃ ይዘው ሲወጡ መርገጫው የከዳቸው ቀን ነው። እጃቸው መደገፊያውን ይዞ ስለነበር ተረፉ፤ ጀሪካኑ ግን እስከ ታች ተንከባለለ። በማግስቱ ግቢው ተሰብስቦ ምን አለ? «የቀበሌ ቤት እኮ ነው።»

ጠባችን ከዚህች አባባል ጋር ነው።

አባባሏ ከየት እንደመጣች እናውቃለን። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ለረዥም ዘመን ባለበት ቆመ፣ የጥገናው ገንዘብም ከየትም አልመጣም። ባለቤት ነኝ የሚል ጠፋ። ኪራይ የሚሰበስብ ክፍል መጠገንም ግዴታው ነው፤ ይህን አንክድም። ግድግዳ እናፍርስ፣ ክፍል እንቀጥልም አላልንም፤ ለዚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ግን ሁለት ቪቴ ለማሰር ማመልከቻ የሚጽፍ ማነው?

ሰነፎች ብቻ ብንሆን ጥሩ ነበር፤ ስንሠራም እናበላሻለን። ደረጃው በጮኸ ቁጥር አንዱ ጎረምሳ መዶሻ ይዞ ሌላ ሚስማር ይጨምራል። ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሚስማሩ ራሱ ነው! እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ስንረግጠው ለስላሳው ሚስማር እዚያው ውስጥ ይወጣል ይገባል። በክረምት ሳንቃው እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ዝም ይላል፣ «ተሻለው» እንላለን። መጋቢት ላይ ይመለስበታል። ከደጋው ገና እርጥቡን የመጣ ባሕር ዛፍ ገዝቶ በሳምንቱ መርገጫ ማድረግማ ራስን ማታለል ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

መፍትሔው ይኸው። መጀመሪያ ከሥር ገብታችሁ ተሸካሚውን እንጨት በቢላ ጫፍ ውጉት። ቢላው እንደ ቅቤ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ነው፤ ደረጃውን ዝጉና አናጺ ጥሩ፣ እዚያ ላይ ጀግንነት የለም። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ በመርገጫውና በቋሚው ሳንቃ መሀል ያለውን ክፍተት ፈልጉ። ቀጭን ሽብልቅ ኮላ ቀብታችሁ አስገቡ፤ በኃይል አትምቱት፣ ክፍተቱን ይብስ ይከፍተዋል። ከላይ ደግሞ በትራፓኖ ከቪቴው የቀጠነ ቀዳዳ ብሱና ሳንቃውን ወደ ሥሩ ሳቡት። ቪቴ ጥርስ አለው፣ እንደ ሚስማር አይንሸራተትም። ገንዘብ ከሌለ የሕፃን ፓውደር ስንጥቁ ውስጥ መበተን ለጥቂት ሳምንት ዝም ያሰኘዋል።

ጣሊያን ጎንደርን ከያዘበት 1928 እስከ ለቀቀበት 1934 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ሳይሞላ ካቻቪቴ፣ ቪቴ፣ ኮላ የሚሉ ቃላቱን ትቶልን ሄደ። ቃላቱን እስከ ዛሬ እንጠራለን፤ ዕቃዎቹን መንካት ግን ለአናጺ ትተናል።

«ፈርሶ በሲሚንቶ ይሠራ» የሚሉም አሉ፣ በተለይ ሴራሚክ የሚወዱት። አሮጌ የእንጨት ወለል ላይ የኮንክሪት ደረጃ የሚያሳርፉበትን ቦታ መጀመሪያ ያሳዩን። ለጥምቀት እንግዳ ሲመጣ ፋሲል ግቢን እያሳየን በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ እንደሆነ እንተርካለን፤ ማታ ግን እንግዳውን «እዚህ ጋ አትርገጥ» እያልን ወደ ቤት እናስገባዋለን።

እሑድ አራተኛውን እርከን ጨርሰናል። እማማ ቡና አፍልተውልን ሁለት ጊዜ ወጥተው ወርደው ሞከሩት። ሰባተኛው ይቀራል፤ ትራፓኖ ያለው ከቅዳሴ በኋላ ብቅ ይበል።