ግድግዳው ይመስክር

በሰሜን እንግሊዝ፣ ማንችስተር አጠገብ ባለችው ሮችዴል ከተማ፣ አዋብ ኢሻቅ የተባለ ሕፃን ሁለት ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ አረፈ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2020 ነበር። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ናቸው። ይኖሩበት የነበረው ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ወጥ ቤቱም መታጠቢያ ቤቱም በሻጋታ ጠቁሮ ነበር። አባት ከ2017 ጀምሮ አቤት ብሏል። ያገኘው መልስ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነው። ጉዳዩን የመረመረችው ዳኛ በ2022 የሕፃኑ መተንፈሻ አካል የታወከው ለረጅም ጊዜ በሻጋታ በመጋለጡ መሆኑን በግልጽ አስቀመጠች።

በዚያ ምርመራ የወጣ ሌላም ነገር አለ። አከራዩ የቤቶች ማኅበር የችግሩን ምንጭ ከቤተሰቡ «አኗኗር» ጋር አያይዞት ነበር፤ አስተጣጠባቸው፣ አበሳሰላቸው እየተባለ። ቆይቶ ማኅበሩ ራሱ ያ ግምት ስህተት እንደነበር አምኗል። ሲያምን ግን ልጁ ተቀብሯል።

«አኗኗራችሁ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለንደን፣ ሊድስ ወይም ማንችስተር ተከራይቶ የሚኖር ሐበሻ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳታል። ወጥ ትሠራላችሁ፣ እንፋሎት ታበዛላችሁ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ታሰጣላችሁ፣ መስኮት አትከፍቱም። ተከራዩ ደግሞ መስኮቱን የዘጋው ማሞቂያው ገንዘብ ስለሚበላ ነው። ይከራከራል እንጂ የሚያሳየው ነገር የለውም። የሱ ቃል በአከራዩ ቃል ላይ፤ አበቃ።

ነገሩ ግን በቃል የሚያልቅ አይደለም፣ በዲግሪ የሚለካ ነው። 20 ዲግሪ የሞቀና እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ የክፍል አየር፣ 9 ዲግሪ ገደማ የሆነ ግድግዳ ሲነካ ግድግዳው ያልበዋል። ሻጋታ ደግሞ ጠብታ እስኪታይ አይጠብቅም፤ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው አየር እርጥበት ወደ 80 በመቶ ከተጠጋ ይበቃዋል። በዚያው ክፍል ይህ የሚሆነው ግድግዳው ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሲሆን ነው። እንግዲህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ቤተሰቦች እኩል ያበስላሉ፣ እኩል ይታጠባሉ፣ እኩል ይተነፍሳሉ እንበል። የአንዱ ግድግዳ 17 ዲግሪ ነው፤ የሌላው የማዕዘን ግድግዳ፣ ከውጭ ንፋስ የሚመታው፣ 11 ዲግሪ። ሻጋታው የሚበቅለው በሁለተኛው ቤት ነው። ታዲያ የማን አኗኗር ነው? እርግጥ አየር ማስገባት ይጠቅማል፣ እንፋሎት የሚስብ ማራገቢያ መኖሩም ይጠቅማል። ነገር ግን ሰው መተንፈስና መብላት አይተውም፤ ሊስተካከል የሚችለው ግድግዳው ነው።

ቴርማል ካሜራ የሚባለው መሣሪያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአገር ቤት ብዙው ሰው የሚያውቀው ከኮቪድ ወቅት የአየር ማረፊያ ፍተሻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ጥቅሙ ብዙም አልታየም፣ ምክንያቱም በደጋው አገር ብርድ ሲመጣ ጋቢ ይደረባል እንጂ ቤት አይሞቅም። ቤት በሚሞቅበት አገር ግን የሙቀት መሄጃውን ማወቅ የኪስም የጤናም ጉዳይ ነው።

የመሣሪያው ሐሳብ የቆየ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ዊሊያም ኸርሸል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ከፍ ብሎ አገኘው። ዓይን የማያየው ጨረር ነበር፤ ዛሬ ኢንፍራሬድ ይባላል። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ይህን ጨረር ይረጫል፤ ካሜራው ተቀብሎ ወደ ቀለም ይቀይረዋል። በክረምት ሌሊት ከውጭ ሲታይ ሙቀት የሚያመልጥበት ቦታ ደምቆ ይወጣል፤ ከውስጥ ሲታይ ደግሞ ያው ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ኮርኒስ ላይ ኢንሱሌሽኑ የተረሳበት ቦታ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል አራት ማዕዘን ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በወለልና በግድግዳ መጋጠሚያ ብርድ ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ እንደ ምላስ ወደ ክፍሉ ይዘረጋል። አንድ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ስለ ቤቱ የሚያወራው ወሬ ይቀየራል።

ካሜራውን ግን ማምለክ አያስፈልግም። የሚያየው የገጽ ሙቀት ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ አያይም። መስታወትና የሚያብረቀርቅ ብረት ያታልሉታል፤ መስኮት ላይ ያነጣጠረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የራሱን ሙቀት ነጸብራቅ ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ ከመሸም በኋላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ውሸት ይናገራል። ስለዚህ ደንበኛ ምርመራ የሚደረገው ጎህ ሳይቀድ፣ ዝናብና ኃይለኛ ንፋስ በሌለበት፣ ቤቱ ለሰዓታት ሲሞቅ አድሮ፣ በውስጥና በውጭ መካከል ቢያንስ የ10 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር ነው። ከሁሉ የከፋው ተንኮል ደግሞ በቀለሙ ላይ ነው። ካሜራው ቀዩንና ሰማያዊውን የሚያከፋፍለው በፎቶው ውስጥ ባገኘው ትልቁና ትንሹ ሙቀት መካከል ነው፤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ቢሆንም ግማሹን ቤት ደም የመሰለ ቀይ ሊያደርገው ይችላል። በየበሩ እየዞረ «ቤትዎ ይኸውና እየነደደ ነው» የሚል ሻጭ በዚህ ይነግድበታል። የዲግሪው መለኪያ በጎኑ ያልታተመበት ፎቶ ማስረጃ አይደለም፤ ሥዕል ነው።

ይህ ሁሉ ታውቆ፣ ካሜራው ዛሬ በብሪታንያ ከሚሠራበት በላይ መሥራት የሚገባው አንድ ቦታ አለ፤ የሕዝብ ገንዘብ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍበት።

የብሪታንያ ቤቶች በአውሮፓ ካሉት እጅግ ካረጁት ውስጥ ናቸው። በእንግሊዝ ከአምስት ቤት አንዱ ገደማ ከ1919 በፊት የተሠራ ነው፤ አብዛኞቹ ግድግዳቸው ድፍን ጡብ ነው፣ በመሐሉ ክፍተት የለውም። የ2022ቱ የጋዝ ቀውስ ሲመጣ መንግሥት ጣልቃ ገብቶ እንኳ የአማካይ ቤተሰብ የዓመት ሒሳብ ወደ 2,500 ፓውንድ ወጣ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት 1,277 ነበር። በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ውሃው ሲወደድ ቀዳዳው ይታወሳል። ኦክቶፐስ ኢነርጂን የመሰሉ አቅራቢዎች ለደንበኞቻቸው ቴርማል ካሜራ በነጻ ማዋስ የጀመሩት፣ የሰፈር ማኅበራትም ካሜራ እየገዙ እንደ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ማዋስ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2013 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት የኃይል አቅራቢ ኩባንያዎች የድሆችን ቤት እንዲያሸፍኑ የሚያስገድድ መርሐ ግብር ነበረው፤ ወጪው በሁሉም ደንበኛ ሒሳብ ላይ ተጨምሮ ይከፈል ነበር። ምን እንደተገኘ የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤቱ በኦክቶበር 2025 ይፋ አደረገ። በቅርቦቹ መርሐ ግብሮች ከውጭ በኩል ግድግዳቸው ከተሸፈነ ቤቶች 98 በመቶው መታረም ያለበት ከባድ ጉድለት አለባቸው፤ በቁጥር ከ22,000 እስከ 23,000 ቤት ማለት ነው። ከውስጥ በኩል ከተሸፈኑት ደግሞ 29 በመቶው። ካልታረሙ እርጥበትና ሻጋታ ያመጣሉ። ተቆጣጣሪው ኦፍጄም በበኩሉ ከ5,600 እስከ 16,500 በሚደርሱ ቤቶች ላይ ኩባንያዎች በሐሰት ክፍያ ጠይቀው ሊሆን እንደሚችል ገምቷል።

98 በመቶ! ከመቶ ቤት ሁለቱ ብቻ ደኅና ናቸው ማለት ነው። ይህን ቁጥር የእጅ ባለሙያ ስንፍና ብቻ አይሰጠውም። ሥራው ከኮንትራክተር ወደ ንዑስ ኮንትራክተር ሲወርድ፣ የመጨረሻው ሰው ብቃት ሳይኖረው ሲለጥፍ፣ ወረቀቱ ግን እየተፈረመ ወደ ላይ ሲወጣ የሚገኝ ቁጥር ነው። ሽፋኑ ከተለጠፈና ከተለሰነ በኋላ በተራ ዓይን ሁሉም ያምራል። በመስኮቱ ዙሪያ የተተወው ክፍተት፣ ከጣሪያው ጋር ያልተገናኘው ጫፍ፣ ውሃ የገባበት ሰሌዳ ከልስኑ በስተኋላ ነው። ባለቤቷ አሮጊት የምታውቀው በሁለተኛው ክረምት፣ ግድግዳው ከበፊቱ ብሶ ሲረጥብ ነው።

መፍትሔው አዲስ ሳይንስ አይጠይቅም። በሕዝብ ገንዘብ የሚሸፈን ማንኛውም ቤት ከሥራው በፊት በአንድ ቀዝቃዛ ንጋት፣ ከሥራው በኋላ በሌላ ቀዝቃዛ ንጋት፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት የዲግሪ መለኪያ ይነሣ። ያነሣው ሰው ከሠራው ኩባንያ ደመወዝ የማይበላ ይሁን። የክፍያው የመጨረሻ ክፋይ ሁለተኛው ፎቶ እስኪገባ ይያዝ። ጨርሶ ያልተሠራን ሥራ ተሠራ ብሎ ገንዘብ መቀበል በዚህ መንገድ ከባድ ይሆናል፤ ባዶ ግድግዳ በካሜራው ፊት የተሸፈነ መምሰል አይችልምና። ሁሉንም ጉድለት ይይዛል ማለት አይደለም፤ ለምሳሌ የአየር ማስወጫ መዘጋቱን ካሜራው ላያሳይ ይችላል። የተረሳ ሰሌዳንና ክፍት መጋጠሚያን ግን ይይዛል።

ወጪ ያበዛል የሚሉ አሉ። በስልክ ላይ የሚሰካ ቴርማል ካሜራ በጥቂት መቶ ፓውንድ ይገኛል፤ የባለሙያው ይወደዳል፣ ቢሆንም አንዱ በሺህ ቤት ይሠራል። የአንድ ቤት የውጭ ግድግዳ ሽፋን ከአሥር ሺህ ፓውንድ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። ሙቀትን የሚያይ ዓይን ሰውንም ያያል። በአሜሪካ ኦሪገን በ1992 የፌዴራል ወኪሎች ከመንገድ ላይ ቆመው የአንድን ሰው ቤት በቴርማል ካሜራ ቃኙ፤ የጋራዡ ጣሪያ ከልክ በላይ ሞቆ ሲያገኙት ማሪዋና በመብራት እያበቀለ ነው ብለው ገቡ። እውነትም እያበቀለ ነበር። ሆኖም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 በ5 ለ4 ድምፅ፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የተደረገው ቅኝት ሕገ ወጥ ፍተሻ ነው ሲል ወሰነ። የቤት ግድግዳ ከውስጡ የሚወጣውን ሙቀት ጭምር ይሸፍናል እንደማለት ነው። በብሪታንያ ነገሩ ላላ ያለ ነው። በለንደን የሃሪንጌ ወረዳ ምክር ቤት በአውሮፕላን የተነሣ የጣሪያ ሙቀት ካርታን በ2007 ለሕዝብ ሲያወጣ ዓላማው ነዋሪዎች ጣሪያቸውን እንዲሸፍኑ ነበር። በ2013 ግን የስላው ከተማ ምክር ቤት በዚያው ዘዴ አውሮፕላን አስነሥቶ የፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ በጓሮ ዳስ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩ ሰዎችን። በሺዎች የሚቆጠሩ አጠራጣሪ ዳሶች ተመዘገቡ። ኸርሸል ያን የማይታይ ጨረር ሲያገኝ ይኖር የነበረው በዚችው በስላው መሆኑ የታሪክ ቀልድ ነው።

ዳስ ውስጥ ሰው ማከራየት ነውር ነው፣ እሳት ቢነሣ መውጫ የለውም። ቢሆንም እነዚያ ዳሶች ከሰማይ ደምቀው የታዩት በውስጣቸው አንድ ሰው ትንሽ ማሞቂያ አብርቶ ስለተኛ ነው። ያው ፎቶ «ይህ ሰው በርዶታል» ተብሎም ሊነበብ ይችል ነበር። ልዩነቱ ፎቶው በማን እጅ እንዳለ ነው። በአከራይና በባለሥልጣን እጅ ብቻ ሲሆን መክሰሻ ይሆናል፤ የነዋሪው ሲሆን መከላከያ። ስለዚህ ቅድሚያ መጻፍ ያለበት ደንብ ይህ ነው፦ በሰው ቤት የተነሣ የሙቀት ፎቶ ቅጂ በዚያው ሳምንት ለነዋሪው ይሰጥ፣ ያለ ነዋሪው ፈቃድም ለሌላ ጉዳይ አይዋል።

በአዋብ ስም የተጠራው ሕግ ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች ላይ እየተሠራበት ነው። አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት መወገድ አለበት፤ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ አቤቱታው በቀረበ በ10 የሥራ ቀናት መመርመር፣ ከምርመራው በኋላ ደግሞ በ5 የሥራ ቀናት ቤቱ ከአደጋ ነጻ መሆን አለበት። በዚያው ዓመት የጸደቀው የተከራዮች መብት ሕግ ይህንኑ ወደ ግል ተከራዮችም ለማስፋት መንገድ ከፍቷል። ጥሩ ሕግ ነው። ክፍተቱ ምርመራው ምን ይዞ እንደሚመጣ አለመናገሩ ነው። መርማሪው በእጁ የእርጥበት መለኪያ፣ በአፉ ያቺኑ «መስኮት ትከፍታላችሁ ወይ» የምትል ጥያቄ ብቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

የወቅትም ጣጣ አለበት። በጁላይ አቤት ያለ ተከራይ ግድግዳው በ10 ቀን ውስጥ ይመርመርለት ቢባል፣ ውጭው 22 ውስጡም 22 ዲግሪ ነውና ካሜራው የሚያሳየው የለም፤ ሻጋታው ግን ክረምቱን ሙሉ በቅሎ እዚያው አለ። ለዚህ ነው ፎቶው አቤቱታ እስኪመጣ መጠበቅ የሌለበት። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ንጋቶች እያንዳንዱ የማኅበራዊ ቤቶች ባለቤት ሕንፃዎቹን በተራ አንሥቶ መዝገብ ላይ ቢያኖር፣ በጁላይ የሚመጣው መርማሪ ጥያቄውን ከመጀመሩ በፊት የጃንዋሪውን ፎቶ ያወጣል። የማዕዘኑ ግድግዳ ያን ለሊት ስንት ዲግሪ እንደነበር በጎኑ ተጽፎ ይገኛል።