በልጉ ሲቀር ማን ይጽፋል?

ዓለም ስለ ወሎ ረሀብ በደንብ የሰማው ሁለቴም በጥቅምት ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ ከኮረም በቢቢሲ ተላለፈ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች እነዚህን ሥራዎች በአድናቆት ነው የምናነሳቸው። ታላቅነታቸውን አልክድም። ግን እኮ ዘግይተዋል! ካሜራው የደረሰው ሰው ቀዬውን ጥሎ ከወጣ በኋላ ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የድረሱልን ጥሪ ሲያሰማ ጆሮ የሰጠው ጥቂት ነበር።

ለመሆኑ ረሀብ የሚጀምረው መቼ ነው? ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስንመጣ የምናልፋቸውን የለጋምቦ ደጋዎች እንውሰድ። እዚያ የብዙው ገበሬ ተስፋ በልግ ነው፤ የክረምቱን አዝመራ ውርጭ ይመታዋልና። በየካቲትና በመጋቢት ካልዘነበ ገብሱ ወይ አይዘራም፣ ወይ ተዘርቶ ይደርቃል። ዝናቡ ከዘገየም ሰብሉ ሳይሰበሰብ ክረምቱ ይደርስበታል። ያኔ የጠፋው የዓመቱ እህል ብቻ ሳይሆን የከርሞው ዘርም ነው። ቀጥሎ በግ ይሸጣል። ሁሉም ባንዴ ስለሚሸጥ የበጉ ዋጋ ይወርዳል፣ የገብሱ ይወጣል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ገና የሞተ ሰው የለም፤ ስለዚህ ዜና አይባልም። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፣ ኤልኒኖ ክረምቱን አዛባው፤ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዕርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የአየር ንብረት ለውጡን ያመጡት ባለ ፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው፣ እኛ ምን እናድርግ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ የእኛ ጭስ ኢምንት ነው። ነገር ግን ማገዶ ጠፍቶ ኩበቱ ምድጃ ሲገባ፣ መሬቱም ፍግ አጥቶ ሲራቆት ፈረንጅ ነው ያደረገው ልንል ነው? ደንቆሮ ጫካስ (ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ) አጠገባችን አይደለም እንዴ? ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ጭላዳው እናወራለን፤ ጫካው ስለሚይዘው ውኃ የጻፈ ግን ከመካከላችን አላየሁም።

እኔ የምለው፣ ይህች መጽሔት ከየካቲት ጀምሮ አንድ ገጽ ትስጠን። በየገበያው ቀን አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ እንደሚያወጣ፣ በሳምንቱ ስንት ቀን እንደዘነበ ጠይቀን እንጻፍ። መምህራኖቻችንም እንደ ተግባር ልምምድ ቢቆጥሩልን ምን ይለዋል?